የብዙነህ ጣቶችና የጋሽ ናስረዲን ጆሮ

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የእኔ ልብስ ስፌት ቤትና የጋሽ ናስረዲን ስፒከር መጠገኛ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። እነሱ ቤት ሞንታርቦ ሲሞከር እኔ ጠረጴዛ ላይ መቀሱ ይንቀጠቀጣል። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ድምፁ እስኪያልፍ መጠበቅን ከለመድኩ ቆይቻለሁ። ቲቶ እባላለሁ፤ ሱሪና የመዘምራን ልብስ እሰፋለሁ። የምነግራችሁ ግን ስለ ጎረቤቴ ስለ ብዙነህ ነው።

ብዙነህ ስፒከር ይሠራል። ከቦኖሻ፣ ከጊምቢቹ፣ ከአዲሎ ሳይቀር የተቃጠለ ሞንታርቦ በባጃጅና በአይሱዙ እየተጫነ ይመጣለታል። አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ነው። የመስጊድ ጡሩምባም፣ የሠርግ ዕቃ አከራዮች ሣጥንም አይጠፋም። ብዙነህ ይፈታዋል፣ የነደደውን ጥቅል ያወጣል፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ አዲስ ይጠመጥማል፣ መልሶም ይገጥመዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ምንም አይሰማም።

ይህን የማያውቅ ደንበኛ ሲነገረው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ወደ ዕቃው ዞር ብሎ ያያል። እኔም በመጀመሪያው ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ብዙነህ የተከፈተ ስፒከር ይዞ መጣና ቁርጥራጭ ጨርቄን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ከኋላ ያለውን ክብ ጥቁር ማግኔት አሳየኝ። ከባድ ነው፤ ከቦታው አይነቃነቅም። መሃሉ ላይ ቀጭን ክፍተት አለው። የሽቦው ጥቅል እዚያ ክፍተት ውስጥ ግድግዳውን ሳይነካ ይቆማል። ጥቅሉ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል፤ ወረቀቱን ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ቢጫ ጨርቅ ይዞታል። ጣቴን ወስዶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና የሽቦውን ጫፎች ባትሪ ድንጋይ ላይ ነካ አደረጋቸው። ወረቀቱ ከጣቴ ሥር ዘለለና ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እጅ ውስጥ እንደተያዘች ጫጩት። ድንጋዩን ሲገለብጠው ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በእጁ ነገረኝ። ያኔ ገና ብዙ ምልክት ስለማላውቅ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። «ማግኔቱና ጥቅሉ ይገፋሉ። ጨርቁ ሞላ ነው፤ ይመልሳል። እናንተ ድምፅ የምትሉት ይሄው ነው።»

ብዙነህ የተወለደው ከጊምቢቹ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው ከባድ ትኩሳት ያዘው፤ አንገቱ ደረቀ፣ ብርሃን ጠላ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሕይወቱ ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። እናቱ ወይዘሮ ሙሉነሽ ይህን ወዲያው አላወቁም። ልጁ ከበሽታው ወዲህ ዝምተኛ ሆኗል ብለው ነበር። እሱም አልነገራቸውም። ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ሰው ሲነቀንቅ ይነቀንቃል፣ ሲጠሩት ፊታቸውን አይቶ ይመጣል። አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያ አለፈ። በኋላ እናቱ እንሰት ሲፍቁ ከጀርባው ሆነው ደጋግመው ጠሩት፤ አልዞረም። አጠገቡ መጥተው ትከሻውን ሲነኩት በድንጋጤ ዘለለ። እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ ይላል። እሱም ያኔ ነው የተናገረው።

የአካባቢው አስተማሪ ሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት እንዳለ ለእናቱ ነገራቸውና ብዙነህ ወደዚህ መጣ። የእጅ ቋንቋውንም አማርኛ ማንበብንም የተማረው እዚህ ነው። የሚገርመኝ ነገር አለ። የብዙነህ አፍ የሚያውቀው ሀዲይኛ ብቻ ነው፤ መስማት ሲያቆም አማርኛ ገና አያውቅም ነበርና። አማርኛን የሚያውቀው በዓይኑና በእጁ ነው። ጊምቢቹ ሲሄድ ለእናቱ በድምፁ ያወራል አሉ፤ እሳቸውም ይረዱታል። ከተማ ውስጥ ግን ድምፁን የሰማ አልነበረም። «ሰው ፊቱ ይለወጣል» ብሎኛል አንድ ጊዜ። ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ እሱ ስለማያውቅ የሌሎችን ፊት አይቶ ነው የተወው።

ጋሽ ናስረዲን ዘንድ የገባው ትምህርቱን እንደጨረሰ ነው። ያኔ ለሠርግና ለጉባኤ ወንበር የሚያከራይ ሰው ቀጥሮት ወንበር ይሸከም ነበር። አንድ ቀን ከወንበሮቹ ጋር ሞንታርቦ አብሮ ተጭኖ ወደ ጋሽ ናስረዲን ሱቅ መጣ፤ ጋሽ ናስረዲን አብርተው ሲሞክሩት ብዙነህ መዳፉን ሣጥኑ ላይ ጭኖ ቆመ። ቆይቶ ፊቱን አጨማደደና በጣቱ አንዱን ጎን ጠቆመ። ጋሽ ናስረዲን ጆሯቸውን አስጠግተው ሲያዳምጡ ልጁ የጠቆመው ስፒከር አይጥ ካርቶን የምትቧጥጥ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ጥቅሉ መሃል አልቆመም፤ የማግኔቱን ግድግዳ ይፈገፍጋል ማለት ነው።

«ይሄን ልጅ ወንበር ነው የሚያሸክሙት?» አሉ ጋሽ ናስረዲን። በሳምንቱ ብዙነህ የእሳቸው ሠራተኛ ሆነ።

ጋሽ ናስረዲን አባታቸው ከጉራጌ ለንግድ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ነገራቸው አጭር፣ ሥራቸው ላይ ግን ትዕግሥታቸው ረጅም። ወፍራም ጢም ነበራቸው፤ የላይኛውን ከንፈራቸውን ይሸፍነዋል። ብዙነህ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጢሙ ጠፋ፤ እንደ ቀጭን መስመር ብቻ ቀረ። ሚስታቸው እትዬ ሀሚዳ ተገርመው ሲጠይቋቸው፣ «ልጁ ከንፈሬን ማየት አለበት» አሉ። ከዚያ ውጭ ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ሥራቸውን ተካፈሉ። ብዙነህ ይጠመጥማል፤ ከብስክሌት ጥርስ የሠራት በእጅ የምትዞር መጠምጠሚያ አለችው። ጋሽ ናስረዲን ደግሞ ጥቅሉን ማግኔቱ መሃል ያስተካክላሉ፣ ወፍራም ድምፅ ይለቁበታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወረቀቱ ላይ ዘንበል ያደርጋሉ። «ጥሩ» ካሉ ሣጥኑ ይዘጋል። የዘጉትን ማንም አይከፍትም። ብዙ ዓመት እንዲህ ሠሩ። በዚህ መሃል ብዙነህ እታለምን አገባ። እታለም አብራው የተማረች፣ እሷም የማትሰማ፣ ፀጉር ሠሪ ናት። የሠርጉን ሞንታርቦ ጋሽ ናስረዲን በነፃ አቆሙ። ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም ድምፁን በእግራቸው እያዳመጡ ከሁላችንም አብልጠው ጨፈሩ። ቤታቸው ጎፈር ሜዳ ነው።

ችግሩ የመጣው በቅርብ ዓመት ነው። የቦኖሻ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት አቶ ገብረክርስቶስ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ አሠርተው ወሰዱ። ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ጭነው መጡ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ድምፃቸውን አላነሱም።

«ጋሽ ናስረዲን፣ ሰባኪው ቃሉን ሲናገር ሞንታርቦው አብሮት ይስላል» አሉ። «ልጆቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ ትልልቆቹም ሳቁ። እንግዳው ሰባኪ ስብከቱን አሳጥሮ ወረደ።»

ጋሽ ናስረዲን አበሩት፤ አዳመጡት። «እዚህ ደኅና ነው» አሉ።

አቶ ገብረክርስቶስ ጋሽ ናስረዲንን አዩ፣ ሞንታርቦውን አዩ፣ እኔ በሬ ላይ ቆሜ ስለነበር እኔንም አዩ። «እንዴት ደኅና ነው? ይሄው ይስላል እኮ» አሉ።

ጋሽ ናስረዲን ወደ ብዙነህ ዞሩ። «ጥቅሉ ላልቶ ይሆናል» አሉት። ብዙነህ ከንፈራቸውን አነበበ። መዳፉን ሣጥኑ ላይ አደረገ። የሆነ ነገር ሊል እጁን አነሣና ተወው። ሁለቱንም ፈትቶ እንደ አዲስ ጠመጠማቸው። መሃል ማስተካከሉን ግን እንደተለመደው ጋሽ ናስረዲን ሠሩት፤ አዳመጡ፣ ዘጉ።

እነዚያም ተመለሱ። ቀጥሎ የዱራሜ አከራይ ዕቃ ተመለሰ። ከዚያ የሌላ። ሰው በመንገድ ላይ ማውራት ጀመረ። አንዱ እኔ ቤት ሱሪ ሲለካ፣ «ድሮስ የማይሰማ ሰው ስፒከር እንዴት ይሠራል» አለ። ሱሪውን ለክቼ ሰጠሁት፤ ምን እንደመለስኩለት ባልናገር ይሻላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናስረዲን ብዙነህን ፊት ለፊት አቁመው ተናገሩት። በግድግዳው በኩል ቃል በቃል ሰማሁት። «እጅህ ሰንፏል። ትዳር ከያዝክ ወዲህ ልብህ ሥራው ላይ የለም። ይሄ ቤት በእኔ ስም ነው የሚጠራው፤ ስሜን እያበላሸህ ነው።»

ብዙነህ የያዘውን ጥቅል አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ የሥራ ካፖርቱን አወለቀ፣ ወጣ። በቀጥታ ወደ እኔ መጣና ከማሽኔ ጎን ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ገርጥቷል።

«አይሰማም» አለኝ በእጁ።

«ማን?»

በሁለት ጣቱ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ቆነጠጠ። በእጅ ቋንቋው የጋሽ ናስረዲን ስም ነው፤ ከጢሙ ጊዜ የቀረ።

ክሬን አስቀመጥኩ። «ምን ማለትህ ነው?»

«መፈግፈጉን አይሰማም። ቀጭኑን ድምፅ አይሰማም። እትዬ ሀሚዳ ምሳ አምጥተው ከኋላ ሲጠሩት አይዞርም። ሰው ሲያወራው አፉን ያያል፤ እንደኔ። ያልገባው ነገር ላይ ይነቀንቃል።» ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀልኝ፤ ዓይኑ ግን የኔን ፊት እየፈተሸ ነበር። «ይሄን ነቀነቃ አውቀዋለሁ። የኔ ነበር።»

«ታዲያ ንገረዋ። አንተን እኮ ነው የሚወቅሰው።»

ብዙነህ እምቢ አለ። «እናቴ ሲጠሩኝ እንደማልሰማ ሳልናገር ክረምቱን በሙሉ አሳልፌያለሁ። ያን ጊዜ ሰው ቀድሞ ቢናገርብኝ ኖሮ ጫካ እገባ ነበር። እሱ ራሱ ይናገር። አንተም እንዳትናገር።»

ቃል ገባሁለት። በማግስቱ አጨዳ ላግዝ ብሎ ወደ ጊምቢቹ ሄደ። እታለም ግን ነገሩ አጨዳ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ በመንገድ ሳገኛት እጇን ወደ ሱቁ ጠቁማ ፊቷን አዞረች።

ጋሽ ናስረዲን ብቻቸውን ሠሩ። መጠምጠሙ ዓይናቸውን አደከመው። ደንበኛ ቀነሰ። እትዬ ሀሚዳ ቀሚስ ለማሳጠር እኔ ዘንድ መጡና ሳይለኩ ተቀመጡ።

«ቲቶ፣ ይሄ ሰውዬ ተቀይሞኛል» አሉኝ። «አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፣ ዝም። ሌላ እጠይቀዋለሁ፣ ያልጠየቅሁትን ይመልሳል። ትናንት ደግሞ ምን አለኝ መሰለህ? 'ሀሚዳ፣ ምነው ዝምታ አበዛሽ' አለኝ። እኔ እኮ ጠዋትም ማታም እያወራሁት ነው።»

ለብዙነህ ቃል ገብቼ ስለነበር፣ «ፊት ለፊታቸው ሆነው ያውሯቸው» አልኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ። ቀሚሱን አሳጠርኩላቸው።

ብዙነህ የተመለሰው በገበያ ቀን ነው። መጠምጠሚያውንና የግል ዕቃውን ሊወስድ ነበር የመጣው። ከመንገዱ ማዶ፣ ባጃጆች በሚቆሙበት፣ ለመሻገር ይጠብቅ ነበር። እኔ በሬ ላይ ቆሜ የአንድ ወፍራም ልብስ ቁልፍ እተክል ስለነበር አይቼው እጄን አነሣሁለት፤ ግን እኔን አላየም፤ ወደ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያየው።

ጋሽ ናስረዲን ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው አንድ ስፒከር ላይ አጎንብሰዋል። ከኋላቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ የብየዳው ካውያ ከማስቀመጫው ተንሸራቶ የጥጥ ክምር ላይ ወድቋል። ከጥጡ አጠገብ ክዳኑ የተከፈተ የማስቲሽ ቆርቆሮ አለ። ይህን እኔ ከነበርኩበት ማየት አልችልም ነበር። ብዙነህ ግን አየ።

ጮኸ። እኔ ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። በሀዲይኛ «እሳት» አለ፤ ደግሞ አለ። ወፍራም፣ ከደረት ጥልቅ የወጣ፣ ጫፍ ጫፉ የተሰበረ ድምፅ ነው። መንገዱ በሙሉ ዞረ። የባጃጅ ሾፌሮች ዞሩ፣ ሽንኩርት ሻጮቹ ዞሩ፣ አንዲት ሴት የተሸከመችውን ቆጮ አስቀመጠች። ጋሽ ናስረዲን ብቻ አልዞሩም።

እኔ መርፌውንና ቁልፉን ጥዬ ዘልዬ ሱቃቸው ገባሁ። ማስቲሹ ያኔ ተቀጣጥሏል፤ ነበልባሉ የቆርቆሮውን አፍ ሞልቷል። ልሰፋ የያዝኩትን ወፍራም ጨርቅ ወረወርኩበት። ብዙነህ መኪና ሳያይ ተሻግሮ ደረሰና ደጅ የነበረውን የአሸዋ ባልዲ ደፋበት። ጋሽ ናስረዲን ጭሱ ሲሸታቸው ነው የዞሩት። ጥጡ አመድ ሆነ፣ የጠረጴዛው ጥግ ጠቆረ፣ የብዙነህ የእጅ ፀጉር ተለበለበ። ሌላ ጉዳት አልደረሰም።

ጋሽ ናስረዲን በሩን አዩ። በሩ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም የሚያየው ብዙነህን ነው።

«ምንድን ነው የሚያዩት?» አሉኝ።

«ጮኾ ነው» አልኳቸው። «እሳቱን አይቶ ከማዶ ጮኸ።»

«ማን ጮኸ?»

«ብዙነህ።»

«ብዙነህ?» አሉ። «እኔ እኮ…» አልጨረሱትም። በሩ ላይ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ከማዶ ያሉትን የባጃጅ ሾፌሮች ተመለከቱ። ያ ሁሉ ሰው ሰምቷል። ከዚያ ዱካው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አሸዋ የነካውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

እኔ ሰዎቹን አመስግኜ በተንኩና በሩን ገርበብ አደረግኩ። ብዙነህ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ። 

«መቼ አወቅህ?» አሉት ጋሽ ናስረዲን።

ብዙነህ በእጁ መለሰ፤ እኔ ተረጎምኩ። ብዙነህ በእጁ ሲናገር «አንተ» ይበል «እርስዎ» እኔ አለይም፤ በሚገባው አድርጌ ነው የተረጎምኩት። «የቦኖሻው ሞንታርቦ የተመለሰ ቀን አውቄያለሁ። ከዚያ በፊትም ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስናገርህ ለምን ዝም አልክ?»

«እርስዎ እስኪናገሩ ነበር የምጠብቀው።»

ጋሽ ናስረዲን ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሲገልጡት ዓይናቸው ቀልቷል። «ዓመት አልፎኛል» አሉ። «መጀመሪያ ወፍ ጠፋ። የሆሳዕና ወፍ የት ሄደ እያልኩ ነበር። ከዚያ የቤቱ በር መንኳኳት ጠፋ። ቀጥሎ የሀሚዳ ቃል መጨረሻ መጨረሻው ይጠፋብኝ ጀመር። ስፒከር የሚሠራ ሰው ጆሮዬ ሄደ ብሎ ለማን ይናገራል? አንተን አስቀየምኩህ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ እየጠረጠርኩ ነው በአንተ የላከክሁት። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ከንፈራቸው ተንቀጥቅጦ ስለነበር ብዙነህ ሁሉንም ያነበበ አይመስለኝም። «ይቅር በለኝ» የምትለውን ግን አነበበ። እጃቸውን ያዘ። ከዚያ ተነሥቶ ጋሽ ናስረዲን ሲሠሩት የነበረውን ስፒከር አቀረበና ወፍራሙን ድምፅ ለቀቀበት። የሽማግሌውን ሁለት ጣቶች ወስዶ ወረቀቱ ላይ፣ ልክ ጥቅሉ ባለበት ዙሪያ፣ አስቀመጠ።

ጋሽ ናስረዲን መጀመሪያ ጣታቸውን ሊያነሡ ሞከሩ። ብዙነህ ያዛቸው። ጥቂት ቆዩ።

«አንድ በኩል ላይ ይሻክራል» አሉ።

ብዙነህ ራሱን ነቀነቀ። ጥቅሉን መሃል ማስተካከል ጀመረ፤ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ መለሰ። እያንዳንዱን ጊዜ የጋሽ ናስረዲንን ጣት ቦታው ላይ መለሰው።

«አሁን ለሰለሰ» አሉ ጋሽ ናስረዲን። ድምፃቸው የተማሪ ድምፅ ነበር።

በዚያው ቀን ለእትዬ ሀሚዳ ራሳቸው ነገሯቸው። እትዬ ሀሚዳ በኋላ ሲያጫውቱኝ፣ «ጠልቶኝ አለመሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ» አሉ። አብረዋቸው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ፣ ብዙ ዓመት ከጩኸት ጋር የኖረ ጆሮ መሆኑን፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በመሣሪያ ማገዝ እንደሚቻል ነገራቸው። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ፀደይ መሣሪያውን ይዛ መጣች።

ጋሽ ናስረዲን መሣሪያውን አልወደዱትም። ገበያ መሃል ሲሆኑ ባጃጁም፣ ሰዉም፣ ቆርቆሮውም አንድ ላይ ጆሯቸው ውስጥ ይወድቃል። ለመስጊዱ የዓርብ ኹጥባና ለእትዬ ሀሚዳ ወሬ ብቻ ያደርጉታል። ብዙነህ ግን መሣሪያውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ፀደይ ካመጣቻቸው ሁለት መሣሪያዎች አንዱ እርጥበት ገብቶት ሲበላሽ ማጉያ መነጽር አምጥቶ ከፈተው፤ ጋሽ ናስረዲን ፈቅደውለት ነው። ውስጡ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የብረት ሣጥን አለች። በመርፌ ከፍቶ አሳየን። ትንሽ ማግኔት አላት፣ ዓይን የማይለየው ጥቅል አላት፣ በመሃሏም እንደ ሞላ የምትመለስ ስስ የብረት ምላስ።

«ያው ነው» አለ በእጁ። «የሞንታርቦ ልጅ ነው።»

ሊጠግነው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሽቦው ለእሱም ጣት ቀጠነበት። ይህንንም እየሳቀ ተናገረ።

ከዚያ ሁለቱ ወደ ቦኖሻ ሄዱ፤ እኔንም አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱኝ። አቶ ገብረክርስቶስ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀበሉን። ሻይና ዳቦ ቀረበ። ጋሽ ናስረዲን ዳቦውን ሳይነኩ ተናገሩ።

«አቶ ገብረክርስቶስ፣ ያ ሞንታርቦ የተበላሸው በኔ ነው። ልጁ የጠመጠመው ጥሩ ነበር። እኔ ነኝ መሃሉን ያሳትኩት። ጆሮዬ አልሰማ ብሎ ነው፤ ደብቄ ነበር። ሰው ሁሉ እሱን ስላማው እዚህ መጥቼ እንድናገር ግድ ሆነብኝ።»

አቶ ገብረክርስቶስ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ብዙነህን አዩት። «እኔም አምቼዋለሁ» አሉ። «'የማይሰማ ሰው' ብዬ። እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው የተናገርኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ንገርልኝ።»

ነገርኩት። ብዙነህ ትከሻውን ሰበቀ። «ሞንታርቦው የት ነው?» አለ።

አዳራሹ ውስጥ መሬት ላይ አውርደው ከሰዓቱን በሙሉ ሠሩት። ብዙነህ ፈታ፣ አስተካከለ፤ ጋሽ ናስረዲን ማስቲሹን ቀቡ፣ ብሎኖቹን አቀበሉ። የመጨረሻውን ፍተሻ ብዙነህ በጣቱ ሠራው። ሊዲያ የምትባል የኳየር ልጅ ማይክ ይዛ እንድትሞክር ተጠራች። በሀዲይኛ አንድ ዝማሬ ዘመረች፤ አዳራሹ ባዶ ስለነበር ድምፁ ግድግዳው ጋ ሄዶ ይመለሳል። ሞንታርቦው አንዴም አልሳለም። ብዙነህ መዳፉን ሣጥኑ ላይ አድርጎ እስክትጨርስ ቆመ። ጋሽ ናስረዲን ደግሞ በሌላኛው ሣጥን ላይ እንደዚያው እጃቸውን አድርገው ቆሙ። አቶ ገብረክርስቶስ ትንሽ ካመነቱ በኋላ ሄደው ከጎናቸው እጃቸውን አኖሩ። ሲነዝራቸው ፈገግ አሉ።

አሁን ሱቁ ውስጥ ሥራው ተገላብጧል። የሚዘጋው ብዙነህ ነው፤ እሱ የዘጋውን ማንም አይከፍትም። ጋሽ ናስረዲን ደንበኛ ይቀበላሉ፣ ማግኔትና ሽቦ ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ፣ ከፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ሰላም ይላሉ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ «ጠጋ በልና ፊቴን እያየህ ተናገር፣ አልሰማም» ይላሉ፤ ዕድሜያቸውን እንደሚናገር ሰው። በዚህ ዓመት የብዙነህን ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ ከራሳቸው ስም ጋር አስገቡ።

የእጅ ቋንቋውን እታለም ናት ያስተማረቻቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ትመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ጣታቸው እሺ አላላቸውም። አንድ ጊዜ እታለምን «እንኳን ደኅና መጣሽ» ሊሏት ፈልገው ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ሁለቱ ባልና ሚስት ግድግዳ ተደግፈው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ከሁሉ በላይ ቶሎ የተማሩት እትዬ ሀሚዳ ናቸው። አሁን ምሳ ይዘው ሲመጡ ከመንገዱ ማዶ ሆነው፣ በባጃጆቹ ራስ ላይ፣ ለባላቸው በእጃቸው ወሬ ይጀምራሉ። ገና ሳይሻገሩ ግማሹ ወሬ አልቋል።

ጆሯቸው እየባሰ ሄዷል። ይህን ሐኪሙም ነግሯቸው ነበር። በመሣሪያውም የማይሰሙበት ቀን እንደሚመጣ ያውቃሉ። አንዳንድ ቀን ወንበራቸው ላይ ብቻቸውን ዝም ብለው ሳያቸው ልቤ ይነካል። እንዲህ ሲሆኑ ብዙነህ ከውስጥ ወጥቶ አንድ ነገር በእጁ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይመልሱለታል።

ትናንት ከሰዓት በሬ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ብዙነህ እየሠራ፣ ጋሽ ናስረዲን ሽቦ እየፈቱ፣ በየመሃሉ እጃቸውን እያነሡ ያወራሉ። እኔ ይህን ቋንቋ ከጋሽ ናስረዲን በፊት ነው የተማርኩት፤ ግን ፍጥነታቸው አመለጠኝ። አንዱ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ሌላው ትከሻው እስኪናጥ ሳቀ።

«ምን አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ በእጄ።

ጋሽ ናስረዲን ብዙነህን አዩት፤ ብዙነህ ጋሽ ናስረዲንን አየ። ሁለቱም ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።